እኔና ቦራ ኮሶ የጠጣን ለታ

ባለፈው ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ንፋስ መውጫ ገበያ ወጥተን፣ በርበሬ ተራውን አልፈን ወደ ጨው ተራው ስንታጠፍ አንዲት ባልቴት የደረቀ ኮሶ በቁና ሞልተው ተቀምጠዋል። ቀዩ የኮሶ አበባ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው ያ መራራ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ገባ። በዚያችው ቅጽበት ከባልቴቲቱ ጀርባ የታሰረ አንድ የጭነት ፈረስ አንገቱን አወዛውዞ ሲያነጥስ አልሰማሁም? ኮሶና የፈረስ ንጥሻ አንድ ላይ! ገበያው መሀል ቆሜ ብቻዬን ሳቅ ጀመርኩ። አክስቴ ክንዴን ያዘችና «ኧረ ሰው እያየሽ ነው! ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ቦራ ትዝ ብሎኝ ነው» ብላት እሷም ጨው የቋጠረችበትን ነጠላ አፏ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቅ ጀመር። ባልቴቲቱ ሁለታችንንም አይተው «ልጆቼ፣ ኮሶ እኮ የሚያስቅ ነገር የለውም» አሉን። አለው እንጂ እማማ! ያውም እንዴት ያለ! ቤት እንደገባሁ ብዕሬን ያነሳሁት ይህንኑ ለመጻፍ ነው።

«ያን ጊዜ» ብዬ ስጀምር አክስቴ ትስቅብኛለች። «የትናንት ልጅ፣ የምን ያን ጊዜ ነው?» ትለኛለች። እኔ ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ሳየው ያ ዘመን ሌላ አገር ይመስለኛል። ያን ጊዜ ጫማ የሚባል ነገር እግሬ አያውቅም። ቀሚሴ አንድ አቡጀዲ ነበረች፤ ታጥባ እስክትደርቅ የእናቴን ጋቢ ተከናንቤ ምድጃ ዳር ቁጭ ማለት ነው። ጸጉሬ ጋሜ ነበር። ከሰፈራችን ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄድ ሰው ካለ አገሩ ሁሉ መልእክት ይጭንበታል፤ አምስት ሳንቲም የያዘ ሰው ለመንደሩ ልጆች ሁሉ የሚዳረስ ከረሜላ ይዞ ይመለስ ነበር። አሁን ለአንድ ሰው ጉንጭም አይበቃም። አሁን ሻይ ቤቱ ራዲዮ አለው፤ ዘፈን ሲጀምር በረንዳው ላይ የቆመው ሰው መንገዱን ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ዘፈን ማለት ጥምቀት ነው፤ ከጥምቀት እስከ ጥምቀት ያለው ደግሞ የአውድማ ዘፈን ነው። የአውድማ ነገር ከተነሳ እንግዲህ ከዚያው ልጀምር፤ ነገሩም የመጣው ከዚያው ነው።

አባቴ ገብሱንና ባቄላውን የሚወቃው ከቤታችን በላይ ካለች ነፋስ የማይለያት ጉብታ ላይ ነበር። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። በሬዎቹ ከመሀል፣ አህዮቹና ፈረሳችን ቦራ ከዳር ይሆኑና በአንድ ገመድ ተያይዘው ነዶው ላይ ይዞራሉ። አባቴ ከኋላቸው እየዘፈነ ይነዳል፤ ጎረቤቱ በመንሽ ያገላብጣል፤ ገለባው ይበናል፤ ሁሉም ሰው ቅንድቡ ድረስ ብጫ ይሆናል። እህል ላይ በጫማ አይቆምም፤ ምራቅ አይተፋም፤ ክፉ ቃልም አይወጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እበትም ሆነ ፋንድያ እህሉ ላይ መውደቅ የለበትም፤ የእግዜር ሲሳይ ነዋ! ስለዚህ አንድ ፈጣን ልጅ ከከብቶቹ ኋላ ኋላ እየሮጠ፣ ጭራ ቀና ማለት ሲጀምር ሁለት እጁን ዘርግቶ ከአየር ላይ ይቀልባል። እንግዲህ ልንገራችሁ፣ በዚያ አገር ከኔ የፈጠነ ቀላቢ አልነበረም። «ያዥ! ቦራ ጭራውን አነሳ፣ ያዥ!» ሲባል እኔ እዚያው ነኝ። ትኩስ ፋንድያ እጄ ላይ ዱብ ሲል ሰዉ «እሰይ!» ይላል። ጎረቤት አውድማ ሳይቀር በውሰት እሄድ ነበር።

ታዲያ ረፋድ ላይ እናቴ የውቂያውን ዳቦ ይዛ ስትመጣ ሁላችንም እንሰበሰባለን። እጄን? እጄንማ ገለባ ዘግኜ ፈተግ ፈተግ አደርገዋለሁ። ውኃው ያለው ከታች ከምንጩ ነው፤ እናቴ በማሰሮ ተሸክማ ዳገቱን የወጣችው ደግሞ ለጉሮሮ ነው እንጂ ለእጅ አይፈስም። እህላችን ጎተራ ሲገባ እንደ መስተዋት ንጹሕ ነበር። የኔን እጅ ግን ማንም አላሰበውም፤ እኔም አላሰብኩትም። ያን ሁሉ ጥንቃቄ ለእህሉ አድርገን ዳቦውን በዚያ እጅ መቁረስ!

ቦራ ቦራ የተባለው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ነው። አባቴ እሱን ሲያነሳ ድምፁ ይለወጥ ነበር። የጥምቀት ለታ ታቦቱ ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ጉግስ ሲጀመር፣ አባቴ ዱላውን ይዞ ቦራ ላይ ሲወጣ ያ በየቀኑ የማውቀው እንቅልፋም ሰውዬ ይጠፋና ሌላ ሰው ይሆናል። ሲያሳድድ ጋቢው ከኋላው እንደ ክንፍ ይዘረጋል፤ ሴቶች እልል ይላሉ፤ እናቴ ዓይኗን ትከድናለች። በዚያ ዓመት ግን ቦራ ከሳ። ጎድኑ ወጣ፤ ጸጉሩ ደርቆ ቆመ፤ ገብስ ቢሰጡት ለውጥ የለም። ቀኑን ሙሉ ጭራውን ከቤታችን ግድግዳ ጋር እያሸ ምርጊቱን አራገፈው። እናቴ «አንተ ሰው፣ ይኼ ፈረስ ቤቴን በቂጡ ሊያፈርሰው ነው!» እያለች ትጮህ ነበር። ፋንድያው ውስጥ ነጫጭ ክር የመሰሉ ነገሮች ሲላወሱ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ማን ከኔ በላይ ቀርቦት!

ብዙም ሳይቆይ የኔም ሆድ ይጮህ ጀመር። ስበላ ይቆርጠኛል፤ ሳልበላ ይቆርጠኛል፤ ጉንጬ ጎደጎደ። አንዷ ጎረቤት «ዓይን በልቷት ነው» አለች፤ ሌላዋ «ጠበል ውሰዷት» አለች፤ ተወሰድኩ፤ ጠበሉ ደስ ብሎኛል፤ ሆዴ ግን አልተወኝም። «ትል ነው» እንዳይባል፣ በኛ ዘንድ የሆድ ትል የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነው፤ እኛ ደግሞ የገና ጾም ላይ ነን። እናቴ አገጯን ይዛ «ሽሮ የሚያመጣው ትል እስቲ የቱ ነው?» ትላለች።

እኔን የጨነቀኝ ግን ሆዴ አልነበረም። የአባቴ ወንድም መሪጌታ እዚሁ ጋይንት ባለችው የድጓ ትምህርት አገር በቤተ ልሔም ነው የሚኖሩት፤ ዕድሜያቸውን በድጓ የጨረሱ ሰው ናቸው። በክረምት እኛ ቤት ሲከርሙ በቀልድ የጀመሩኝን ፊደል ሳልፈጅ አልተውኳቸውም። አንድ ቀን አባቴን ጠርተው «ይቺ ልጅ ፊደል ስታይ ዓይኗ ይበራል። ይኼኛው መስከረም ይለፍና በሚቀጥለው ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት አስገባት፤ አክስቷ ቤት ትደር» አሉት። አባቴ እጃቸውን ስሞ ቃል ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከብት ስጠብቅም፣ ውኃ ስቀዳም፣ በአገዳ መሬት ላይ ስሜን እየጻፍኩ እዞር ነበር። ታዲያ ውቂያው መሀል ሳለን ከእስቴ መልእክት መጣ። ባላምባራስ የሚባሉ የአባቴ የጉግስ ባልንጀራ «በጥር ሰሞን ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፤ ልጅህን ለልጄ» ብለው ልከዋል። ያን ለታ አውድማው ላይ የቦራ ፋንድያ ከእጄ አምልጦ እህሉ ላይ ወደቀ። እንዲያ ሆኖብኝ አያውቅም ነበር።

ማታ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ለመሪጌታ ቃል ገብተህ የለም እንዴ?»

«ገብቻለሁ።»

«ታዲያ ባላምባራስን እንቢ በላቸው።»

«ባላምባራስን እንቢ የሚል ሰው በእስቴም በጋይንትም አልተወለደም ልጄ። ከፈረስ ወድቄ ጎኔ ሲሰበር ተሸክመው ቤቴ ያገቡኝ እሳቸው ናቸው። ደጄ ድረስ መጥተው ምን ብዬ ልመልሳቸው?»

አባቴ ክፉ አልነበረም፤ ሰው ፊት እንቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነው እንጂ። አብራኝ ውኃ ትቀዳ የነበረች ጓደኛዬ ባለፈው ጥር በበቅሎ ተጭና ወደ ስማዳ ሄዳለች፤ ከዚያ ወዲህ ያየሁት እናቷ ስታለቅስ ብቻ ነው።

ውቂያው እንዳለቀ አባቴ ቦራን ጫነና «ነይ፣ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ላሳይሽ» አለኝ። መጀመሪያ እኔ ቦራ ላይ ነበርኩ። ዳገቱ ሲመጣ ቦራ ቆመና ዞሮ አየን። ወረድኩለት። ሌላ ዳገት ሲመጣ ኮርቻውንም አባቴ ተሸከመለት። ሦስታችንም በእግራችን ከተማ ገባን፤ ከሦስታችን ደኅና የነበረው አባቴ ብቻ ነው፤ እሱም ኮርቻ ተሸክሟል። የከተማ ልጆች አይተውን «ማን ነው ማንን የጫነው?» እያሉ ሳቁብን። ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ከትምህርት ቤት መውጣታቸው ነበር። እኔ ስድቡን አልሰማሁትም፤ ደብተሩን ነበር የማየው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ቀጭን ሰው ነው፤ ነጭ ካፖርቱ ሰፍቶት እጅጌውን ሁለቴ አጥፎታል። ሆዴን ነካካ፣ ዓይኔን ገልጦ አየ፣ ከዚያ «እጅሽን አሳዪኝ» አለኝ። ዘረጋሁለት።

«በእጅሽ ምን ሥራ ትሠሪያለሽ?»

«የቦራን ፋንድያ እቀልባለሁ!» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

«ምን?»

አባቴ ሙያዬ እንዳይናቅ ብሎ ገባበት። «ውቂያ ላይ ነው ጌታዬ። እንደሷ የሚቀልብ የለም። ዘንድሮ አንዲት ብቻ ናት ያመለጠቻት።»

ድሬሰሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዳቦ ይመጣል» አልኩት።

«ሳትታጠቢ?»

«በገለባ እፈትገዋለሁ እኮ።»

ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን ፊቱ ኮስተር አለ። በር ድረስ ወጥቶ ከግንዱ የታሰረውን ቦራን አየው። ቦራም እንደ ልማዱ ጭራውን ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ጋር ያሽ ነበር።

«እሱም ታሟል?» አለ።

«ሆዱ ውስጥ ትል አለ» አልኩት። «እኔ ነኝ ያየሁት።»

«ስሙኝ እንግዲህ» አለ ድሬሰሩ። «በፈረስና በአህያ ሆድ የሚኖር ትል ብዙ ዓይነት ነው። የሚበዛው ከነሱ አልፎ ሰው አይነካም። አንዳንዱ ግን በፋንድያው ይወጣና፣ ባልታጠበ እጅ ወይም በውኃ አድርጎ ሰው ሆድም ይገባል። የሷ የትኛው እንደሆነ እዚህ ቆሜ ማወቅ አልችልም፤ የማይበት መሣሪያ የለኝም። ምናልባት ከፈረሱ ነው፤ ምናልባትም ከሌላ። ይኼን የመድኃኒት ፍሬ ትዋጥ። ዋናው ግን እጇ ነው፤ በሳሙና፣ ከምግብ በፊት።»

«ለፈረሱስ?» አለ አባቴ።

«እኔ የሰው ነኝ» አለው ድሬሰሩ።

አባቴ ስሙኒ አውጥቶ አንድ ብጫ ሳሙና ገዛ። የዚያች ሳሙና ሽታ! መንገዱን ሁሉ እያሸተትኳት ሄድኩ። ያን ሌሊት አክስቴ ቤት አደርን፤ በመስኮቱ ሥር ያለችውን መደብ እያሳየችኝ «ስትመጪ እዚህ ነው የምትተኚው» አለችኝ። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል መደቧ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። አባቴም ሰማው፤ ግን ወደ እኔ አላየም። አገራችን ስንገባ ድሬሰሩ ያለውን ለሰው ሁሉ ተናገረ፤ «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ግን ንፋስ መውጫ ላይ ትቷት መጣ። «ትሉ የቦራ ነው፤ ከሱ ነው የተሻገረባት» ሆነ ነገሩ።

ገና ውሎ አደረና አባቴ አንድ ነገር ቆረጠ። «ትሉ ከፈረሱ ከሆነ ልጅቱን ብቻ ብናድን ተመልሶ ይይዛታል። ሁላችንም ኮሶ እንጠጣለን።»

«ፈረሱም?» አለች እናቴ።

«መጀመሪያ እሱ!»

«ድሬሰሩ የሰጣትን ፍሬ ውጣ የለም እንዴ?»

«አንቺስ አምነሽበታል?»

እናቴ ፍሬዋ የምስር ያህል መሆኗን አስታውሳ «እሱስ ልክ ነህ፤ ይቺ ምን አቅም አላት» አለች። እንዲህ ሆነና ኮሶው ተወቀጠ፤ ታሸ፤ አደረ።

የኮሶን ሥርዓት የማያውቅ ሰው የለም፤ ቢሆንም ልጻፈው፤ ወደፊት ፍሬዋ ኮሶን ካስረሳች እንኳ ይታወስ። ኮሶ የጠጣ ሰው የዚያን ቀን ለማንም አይገኝም። ጭቃ ሹም ቢጠራው አይሄድም፤ ዳኛ ቢቀጥረው «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ቀጠሮው ይዛወራል፤ ዘመድ ቢመጣ ከደጅ ይመለሳል። አይበላም፣ እንግዳ አያይም፣ እየተመላለሰ ጓሮ ነው የሚውለው። ታዲያ ገና ጎሕ ሲቀድ አባቴ የቦራን ራስ በገመድ ወደ ላይ ወጥሮ፣ ኮሶውን በቀንድ አድርጎ በአፉ ጥግ አንቆረቆረለት። እኔ መንጋጋውን ይዤ «አይዞህ ቦራ፣ እኔም እጠጣለሁ» እለዋለሁ። ግማሹን ዋጠ። ግማሹን ሊውጥ ነው ስንል አነጠሰ! አባቴ ከጸጉሩ እስከ ወገቡ ኮሶ ሆነ። እናቴ በር ላይ ቆማ ሳቋ መሬት አስቀመጣት። ከዚያ አባቴ በዋንጫው ጠጣ፤ እኔም አፍንጫዬን ይዤ ጠጣሁ። እናቴ ብቻ ልታስታምመን ቀረች። ረፋድ ሲሆን አባቴ ከቤቱ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ገብቷል፤ እኔ ከጓሮው በታች ነኝ፤ ቦራ ግቢው መሀል ራሱን ደፍቶ ቆሟል።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ የሰማነው በዚህ ሰዓት ነው።

በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅኩ። ሦስት ሰዎች፤ ነጭ ጋቢያቸው የጠዋት ጤዛ የመሰለ። መሀል ላይ ያሉት፣ ጥቁር በርኖስ የደረቡት፣ ባላምባራስ ራሳቸው ናቸው። በጥምቀት ሰሞን ይመጣሉ ስንል ቀድመው መጡ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች።

«ውይ ባላምባራስ! ምነው በዛሬ ቀን! ቤቱ ሁሉ ኮሶ ጠጥቷል እኮ።»

«ይሻርላችሁ፣ ይሻርላችሁ» አሉ ባላምባራስ እየሳቁ። «ጌታው ነው የጠጣ?»

«አዎን።»

«ግዴለም፤ ከወይራዋ ሥር እንቆየዋለን። ልጅቱ ግን አንድ ጊዜ ወጥታ እጅ ትንሳን፤ አይተናት እንሂድ።»

«ልጅቱም ጠጥታለች።»

«በዚህ ዕድሜዋ? ጥሬ ሥጋ ላይ በርትታለቻ! የባላገር ልጅ እንዲህ ነው።»

ሦስቱም ሳቁ። ከመሀላቸው አንዱ፣ ቀጭን ጢማም ሽማግሌ፣ በጭራው ዝንብ እየመታ ወደ ቦራ አመለከተ። «ይኼ ፈረስስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያቀረቀረው?»

እናቴ መዋሸት አታውቅም። «እሱም ጠጥቷል።»

«ማን?»

«ቦራ።»

«ፈረሱ? ኮሶ?»

ይህን ጊዜ አባቴ ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ መልኩን ሳያሳይ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ባላምባራስ! እንደምን ከረሙ! መውጣት አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ!»

«ኧረ ግዴለም ወንድሜ! ምነው ፈረስህንም አጠጣኸው?»

«ትሉ የሱ ነው! ከሱ ነው ወደ ልጅቱ የተሻገረ! ድሬሰሩ ነው የነገረኝ!»

ሦስቱም ዞረው ቦራን አዩት።

«ከፈረስ ወደ ሰው» አሉ ባላምባራስ ቀስ ብለው።

«ወይ ጉድ!» አለ ጢማሙ። «የፈረስ ትል ሆዷ ያደረ ልጅ ነገ ምን ልትወልድ ነው?»

«ውርንጭላ ነዋ!» አለ ሦስተኛው። ባላምባራስ ተቆጥተው አዩት፤ ጢማቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ይኼኔ ቦራ፣ የኔ ጌታ ቦራ፣ ኮሶው ያዘዘውን በዚያች ደቂቃ ፈጸመ። ጭራውን አነሳና ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር፣ ያን ሁሉ ወር የተሸከመውን ጉድ በሙሉ አወረደው። ነጩ ነገር በፀሐይ ሲላወስ ሦስቱም ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው እንደ ኮርማ ወደ ኋላ ሸሹ።

«ነገር አይቸኩልም» አሉ ባላምባራስ በቅሏቸው ላይ እየወጡ። «ጤናዋ ይመለስ። እኛም... እናስብበታለን።»

የበቅሎዋ ኮቴ እስኪርቅ አልተነሳሁም። ሆዴ ተገልብጦ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ አፌን በሁለት እጄ አፍኜ፣ ጓሮው ውስጥ እስቅ ነበር። ከአባቴ ቁጥቋጦም የታፈነ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ኮሶው የሚያስለው መስሎኝ ነበር።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ሄደ። በሳምንቱ ወገዳ ገበያ ደርሶ ነበር አሉ። በዚያ ላይ አድጎ ነው የደረሰው፤ ልጅቱ ሌሊት ታሽካካለች ተብሏል፤ ገብስ ጥሬውን ትበላለች ተብሏል። በጥምቀት ሜዳ ላይ እኩዮቼ ከበው ከበሮ እየመቱ

«እሷና ቦራ ሲጠጡ ኮሶ፣
ትሉ ምን አለ ተመላልሶ?»

እያሉ ዘፈኑብኝ። ዜማው ጥሩ ስለነበር እኔም አብሬ ጨፈርኩበት። አባቴ በዚያ ዓመት ጉግስ አልወጣም። እናቴ ግን አለቀሰች። «ከእንግዲህ ማን ይጠይቃታል?» እያለች ማድጋው አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። መሪጌታ ለበዓሉ መጥተው ነበርና ሰሟት።

«ማንም ካልጠየቃት» አሉ ጠላቸውን ፉት ብለው፣ «የጠየቅኋት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። በል እንግዲህ፣ ቃልህን ጠብቅ።»

አባቴ ጭንቅላቱን አከከ። ወደ እናቴ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «እንዲያውም» አለ፣ «ወሬው እስኪረሳ ድረስ ከተማ ብትቆይ አይከፋም። እስከዚያው ትማር።»

እስከዚያው ትማር! ከዚያ በኋላ ብዙ ጥሩ ጥሩ ቃል አንብቤአለሁ፤ ይኼን የሚያህል ግን አላየሁም።

እኔ ዳንኩ፤ ፍሬዋ ትሁን፣ ኮሶው ይሁን፣ ሳሙናዋ ትሁን፣ ሦስቱም በየፊናቸው «እኔ ነኝ» ይላሉ። ቦራም ፋሲካ ሲደርስ ጸጉሩ ያበራ ጀመር፤ ግድግዳችንም በአዲስ ጭቃ ተመረገ። አውድማ ላይ አሁን በእጁ የሚቀልብ ልጅ የለም። አባቴ አሮጌ እንቅብ ከረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስሮ ሠርቷል፤ መጀመሪያ ጎረቤቱ ሁሉ «አሣ ሊያጠምድ ነው» እያለ ሳቀበት፤ ባለፈው ታኅሣሥ ስሄድ በየአውድማው እንቅብ በእንጨት አየሁ። ዳቦ ሳይቆረስም ከዳገቱ ሥር አንድ ማሰሮ ውኃ ለእጅ ብቻ ይመጣል። እናቴ ናት የምታስመጣው፤ ያቺ ለእጅ ጠብታ የማታፈሰው እናቴ! ትምህርት ቤትም ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ልጆቹ ክፍል ውስጥ እንደ ፈረስ እያሽካኩ ሊያሳፍሩኝ ሞከሩ። እኔ ከሁሉም አስበልጬ አሽካካሁላቸው፤ አስተማሪው እውነተኛ ፈረስ የገባ መስሎት በመስኮት ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ማንም አላሽካካብኝም።

ችግሩ የመጣው ዘንድሮ ነው። ለገና አገር ቤት ስገባ አባቴ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጠርጎ፣ «ልጄ፣ ያ ወሬ የተረሳ ይመስለኛል። ወገዳ አንድ ደኅና ሰው ስላንቺ ጠይቆኛል» አለኝ። ገና ስምንተኛን አልጨረስኩም! ከዚያ በላይም ክፍል አለ፤ አስተማሪዎቻችን ራሳቸው ከዚያ ነው የመጡት። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጠዋት እንስራዬን ይዤ ምንጭ ወረድኩ። ምንጩ ዳር እትዬ ጣይቱ ነበሩ፤ እሳቸው የሰሙትን ነገር አገሩ ሁሉ ከምሳ በፊት ይሰማዋል።

«እንደምን ከረምሽ የኔ ልጅ? ሆድሽስ ሙሉ በሙሉ ተወሽ?»

እንስራዬን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ። ግራ ቀኝ አየሁ። «ለሰው አይንገሩብኝና እትዬ፣ ትናንት ቦራ ላይ ወጥቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደገና ጉር ጉር ይለኛል።»

«እ?»

«ጨረቃ ስትወጣ ደግሞ ገብስ ገብስ ያሰኘኛል።»

እትዬ ጣይቱ ውኃቸውን ሳይሞሉ ነው ዳገቱን የወጡት።

በሳምንቱ ወደ ንፋስ መውጫ ልመለስ ስዘጋጅ አባቴ ከገበያ ገባ። ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ እሳት ዳር ተቀመጠ።

«የወገዳው ሰውዬ ሐሳቡን ለውጧል» አለኝ በመጨረሻ። «ያ የፈረስ ወሬ አላለቀም እንዴ?»

«አላለቀም አባዬ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እንጃ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል አካባቢ ሳያልቅ አይቀርም።»

አባቴ ኮርቻውን አነሳና ሊጭንልኝ ወደ ቦራ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶኝ የኮርቻውን ጠፍር ሲያጠብቅ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጠጋ ስል ግን የሰማሁት ሳቅ ነበር፤ ያን ለታ ከቁጥቋጦው ውስጥ ለባላምባራስ ከተናገረ በኋላ፣ ሰው አይሰማኝም ብሎ የሳቀው ዓይነት ሳቅ።